«ከምንም ይሻላል» ሕመምተኛ ይገድላል

ከውጭ የሚመጣ ሐኪም ወደ እኛ ዋርድ ከመግባቱ በፊት ምን መማር አለበት ብዬ በጠየቅሁ ቁጥር የማገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ከምንም ይሻላል»። የሆስፒታል ሥራ አስኪያጁ ይለዋል፤ የዕርዳታ ድርጅቱ አስተባባሪ ይለዋል፤ በዋሽንግተንም በፍራንክፈርትም ለሕክምና ዘመቻ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ወገኖቻችን ይሉታል። ሐኪም በጠፋበት አገር ሐኪም መጥቶ ሳለ ስለ ዝግጅቱ መጠየቅ እንደ ምቀኝነት ይቆጠራል። ሲለሳለስ ደግሞ ቢሮክራሲ ይባላል። እኔ ግን ይህ አስተሳሰብ ሰው ይጎዳል ባይ ነኝ። ድሃ አገር ሄዶ ለመሥራት የሚነሳ ሐኪም እዚያው አገሩ ከሚቀረው ባልደረባው የበለጠ ሥልጠና ሊኖረው ይገባል። ሥልጠናው ምን መምሰል እንዳለበት የሚወስነውም ተቀባዩ አገር ነው።

የተቃራኒው ወገን ክርክር ቀላል አይደለምና በሚገባው ክብደት ላስቀምጠው። አገሪቱ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዛ ሐኪም አልበቃትም። ያሉት ስፔሻሊስቶችም አዲስ አበባና ጥቂት ትልልቅ ከተሞች ላይ ተከማችተዋል። በገጠር ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ ልጅ ያላት እናት ዓመታት ትጠብቃለች። በዓይን ሞራ ብርሃናቸውን ያጡ አዛውንት አጭር ኦፕራሲዮን አጥተው በልጅ ልጃቸው እየተመሩ ይኖራሉ። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ሐኪም የዕረፍት ጊዜውን ሰውቶ፣ ቲኬቱን በራሱ ገንዘብ ቆርጦ፣ ጓንትና የስፌት ክር በሻንጣ ተሸክሞ ሲመጣ «ኮርስ ውሰድ፣ ፈተና ተፈተን፣ ቋንቋ ተማር» ማለት በሩን መዝጋት አይሆንም ወይ? ደግሞስ የሰው አካል በቦስተንም በቦረናም አንድ አይደለም ወይ? በታሪካችን ስማቸውን በክብር የምናነሳቸው የውጭ ሐኪሞች ሲመጡ ማን ሰርተፍኬት ጠየቃቸው?

ይህን የሚሉ ሰዎች ቅኖች ናቸው፤ ብዙዎቹም ብዙ ሰው ረድተዋል። ፋሻው ከዓይኑ ላይ ሲነሳለት የልጁን ፊት ያየ አባት ፊት ለፊት ቆሞ «ይህ ዘመቻ ምን ሊረባ» የሚል ሰው ልብ የለውም። እኔም አልልም። ግን ቅንነት ሥልጠናን አይተካም። አንድ ጥሩ ዘመቻ ደግሞ ላልተዘጋጁት ሁሉ ዋስ ሊሆን አይችልም።

«የሰው አካል አንድ ነው» ከሚለው ልጀምር፤ የክርክሩ ምሰሶ እሱ ነውና። አንድ ሕፃን በኃይለኛ ትኩሳት እየቃተተ፣ እጅ እግሩ ቀዝቅዞ፣ ልቡ በፍጥነት እየመታ ድንገተኛ ክፍል ገባ እንበል። በለንደን ወይም በቶሮንቶ የሠለጠነ የሕፃናት ሐኪም ምን እንደሚያደርግ አያመነታም፤ ደም ሥር ይከፍትና ፈሳሽ በፍጥነት ይሰጣል። መጽሐፉ ያዘዘው፣ መምህሩ ያስተማረው፣ በተረኝነት ሌሊቶች ደጋግሞ የሠራው ይህንኑ ነው። ፊስት የተባለው ጥናት ይህን ልማድ በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ባሉ ስድስት ሆስፒታሎች በ3,141 ሕፃናት ላይ ፈተነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታተመ። ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው ሕፃናት መካከል በ48 ሰዓት ውስጥ ከመቶ አሥር የሚበልጡት ሞተዋል። ያ ፈሳሽ ሳይጨመርላቸው በዝግታ ከታከሙት ግን የሞቱት ከመቶ ሰባት ያህሉ ናቸው። ልዩነቱ እጅግ ግልጽ ስለነበር ጥናቱ ካሰበበት ሳይደርስ እንዲቆም ተደረገ።

እነዚያን ሕፃናት የጎዳቸው የሐኪም ስንፍና አይደለም፤ የመድኃኒት እጥረትም አይደለም። የጎዳቸው በሌላ ቦታ ትክክል የነበረው ሕክምና ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወባ ነበረባቸው። የመተንፈሻ መሣሪያም ሆነ የጽኑ ሕሙማን ክፍል በአጠገባቸው አልነበረም። የቦስተን መጽሐፍ ሲጻፍ ደግሞ መሣሪያውም ክፍሉም እንዳለ ታስቦ ነው። ይህ በሕፃናት ብቻ የሚደርስ ነው የሚል ካለ ወደ ዛምቢያ ይመልከት። በሉሳካው የዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል በደም መመረዝ ታመው ግፊታቸው የወረደ አዋቂዎች ላይ የተደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ፈሳሽና የግፊት መድኃኒት በፍጥነት በሚሰጥበት አሠራር ከታከሙት ውስጥ 48 በመቶ ያህሉ ሲሞቱ፣ በተለመደው አሠራር ከታከሙት የሞቱት 33 በመቶ ናቸው። በአብዛኞቹ ታካሚዎች ደም ውስጥ ኤች አይ ቪ ነበረ። እንግዲህ በአገሩ ጎበዝ የተባለውና ትምህርቱን በደንብ የያዘው ሐኪም ያንኑ ጉብዝናውን ይዞ ቢመጣ፣ የበለጠ ሰው የሚሞተው በማን እጅ ነው?

በምግብ እጥረት እጅግ የተጎሳቆለ ሕፃን የሚያክም ሁሉ ይህን ያውቃል። ቆዳው አጥንቱ ላይ የተጣበቀ ወይም እግሩና ፊቱ ያበጠ ልጅ ሲመጣ ልቡ ደካማ ነው፤ ኩላሊቱ ጨው ማስወጣት ይቸግረዋል። እንደ ሌላ ሕፃን ግሉኮስ ቢሰቀልለት ሳንባው በፈሳሽ ይሞላል። ደም አንሶታል ተብሎ በመጀመሪያው ቀን የብረት መድኃኒት ቢሰጠው ኢንፌክሽኑ ሊብስበት ይችላል። የተራበ ነው ተብሎ ጠገብ ያለ ምግብ ቢበላም በዚያው ሊሞት ይችላል። ለዚህ ነው ኤፍ 75 የተባለው ወተት በትንሽ በትንሹ፣ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር የሚሰጠው። የማረጋጊያው ክፍል ነርስ ይህን በእንቅልፏም አትስተውም። በሕይወቱ እንዲህ የተጎዳ ሕፃን አይቶ የማያውቅ ስፔሻሊስት ግን ከየት ያመጣዋል? የአሠራሩን ወረቀት ስለሰጡት? ወረቀት ያነበበ ሰው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እጁ ወደለመደው ነው የሚሄደው።

በሽታው ራሱ አካባቢውን ካላወቁት ያታልላል። በደቡብና በደጋው አገር እግራቸው ያበጠ ገበሬዎችን ያየ እንግዳ ሐኪም መጽሐፉ የሚነግረው ትንኝ የምታስተላልፈውን የዝሆኔ በሽታ ነው። ክኒኑን ይሰጣል፤ ይሄዳል። በእነዚያ አካባቢዎች ያለው ግን በአብዛኛው ሌላ ነው። ቀዩን የእሳተ ገሞራ አፈር በባዶ እግር ከመርገጥ የሚመጣ ነው፤ ትንኝም ትልም የሉበትም። ይህን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጥናት ያሳየው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። ማወቅ የቻለው ደግሞ ለዓመታት ኢትዮጵያ ውስጥ ተቀምጦ አፈሩንና የሰውን እግር ስላጠና ነው። መድኃኒቱ ሳሙና፣ ውኃ፣ ቅባትና ጫማ ነው። የራሳችንም ባለሙያዎች ቢሆኑ ከዚህ ወጥመድ አላመለጡም። በደጋማው የሊቦ ከምከም ወረዳ ሰው በትኩሳት ሲያልቅ በመጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር፤ ካላዛር መሆኑ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ካላዛርን የመተማና የሁመራ ቆላ በሽታ አድርጎ የሚያውቅ ሰው ደጋው ላይ አልጠበቀውም። የአገሩ ሰው እንኳ በጎረቤት ወረዳ በሽታ ከተታለለ ትናንት ቦሌ ያረፈው ሐኪም በምን ዋስትና ነው የማይታለለው?

አሁን ወደ «ከምንም ይሻላል» ልመለስ። ንግግሩ የተመሠረተው ሐኪሙ የሚመጣው ባዶ ቤት ነው በሚል ግምት ላይ ነው። ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ይህች አገር የጤና መኮንኖችን ለሦስት ዓመት በማስተርስ ደረጃ እያሠለጠነች በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ታስመርቃለች። በየመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሉ ምጥ የጠናባትን ሴት በኦፕራሲዮን የሚያዋልዱት፣ አንጀት የታጠፈበትን የሚከፍቱት እነሱ ናቸው። አዋላጅ ነርሶች አሉ፤ የሰመመን ባለሙያዎች አሉ፤ ጠቅላላ ሐኪሞች አሉ። እንግዳ ቡድን ሲመጣ የኦፕራሲዮን ክፍሉ ለእንግዶቹ ይለቀቃል። ነርሷና የሰመመን ባለሙያው ለእንግዶቹ ይመደባሉ፤ ያለችው የኦክስጅን ሲሊንደርም ለእነሱ ትቆማለች። ተራ የያዙ ሕመምተኞች ለሚቀጥለው ሳምንት ይባላሉ። ስለዚህ ንጽጽሩ መሆን ያለበት በእንግዳው ቡድንና ያ ክፍል በዚያው ሳምንት ሊሠራው ይችል በነበረው ሥራ መካከል ነው። ይህን ንጽጽር ሲሠራ ያየሁት ሪፖርት የለም። ሪፖርቱ ላይ የሚሰፈረው ስንት ሰው ኦፕራሲዮን እንደተደረገ ብቻ ነው፤ ስንት ሰው ተራው እንደተላለፈበት፣ ከወር በኋላም ስንቱ ቁስሉ አመርቅዞ እንደተመለሰ አይጻፍም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ቡድኑ ከሄደ በኋላ የሚሆነው ነው። በልጅነት ቶንሲል በወቅቱ ሳይታከም ቀርቶ የልብ ቫልቭ ማበላሸቱ በአገራችን የተለመደ ነው። ከገጠር የመጣች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በጎብኚ ቡድን የብረት ቫልቭ ተተከለላት እንበል። ኦፕራሲዮኑ ይሳካል፤ ቡድኑ ቅዳሜ ይበራል። ልጅቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕድሜ ልኳን ዋርፋሪን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት መዋጥ አለባት። መጠኑ ካነሰ ደም ቫልቩ ላይ ይረጋና ስትሮክ ያመጣባታል፤ ከበዛ ትደማለች። ልኩን ለማወቅ በየጊዜው የደም ምርመራ ያስፈልጋታል፤ ምርመራው በቅርቧ ባለው ጤና ጣቢያ አይሠራም። አግብታ ስታረግዝ ደግሞ መድኃኒቱ ፅንሱን ሊጎዳባት ይችላል፤ ብታቆመው የምትሞተው እሷ ናት። ይህን ሁሉ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ማመዛዘን ከባድ ነው። የራሷን ቫልቭ መጠገን ይቻላል ወይ? ዕድሜው ቢያጥርም ዋርፋሪን ዕድሜ ልክ የማይጠይቀው ከእንስሳ የተሠራው ቫልቭ ይሻላት ይሆን? የምትኖረው ከመንገድ ስንት ሰዓት ርቃ ነው? እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ የቀዶ ሕክምና ችሎታ አካል ነው። ክሊቭላንድ ውስጥ ግን አያስፈልጉም፤ ስለዚህ ክሊቭላንድ አያስተምራቸውም።

የቋንቋው ጉዳይ ደግሞ ሁሉም እንደ ትንሽ ነገር የሚያልፈው ነው። በአንድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ጉብኝት ላይ ያየሁትን ላንሳ። እንግዳው ሐኪም ተቅማጥ የያዘው ልጅ አልጋ አጠገብ ቆሞ ይጠይቃል፤ የሚያስተረጉምለት ከካርድ ክፍል የተጠራ ወጣት ነው። እናትየው ረዘም አድርጋ ተናገረች። ሦስት ቀን ጠበል እንደወሰደችው፣ ከከተማው ፋርማሲ ክኒን ገዝታ እንደሰጠችው፣ ከትናንት ጀምሮ ጡት እንዳልያዘላት ዘረዘረች። ወጣቱ «አራት ቀን ሆነው ትላለች» ብሎ አስተረጎመ። ሐኪሙ አራት ብሎ ጻፈ። ኦ አር ኤስ አዝዞ አጠቃቀሙን ሲያስረዳት እናትየው እያንዳንዱን ነገር «እሺ» አለች፤ በጉብኝት ላይ ለቆመ ሐኪም እንቢ የምትል እናት የለችም። ቆየት ብላ ነርሷ ስትመለስ እናትየው ለአንድ ሊትር ውኃ የተዘጋጀውን ሙሉ ፓኬት በአንድ ስኒ ውኃ በጥብጣ ልጁን ልታጠጣው ነበር። እንዲያ የወፈረ ጨው ያን ልጅ ወደ ራስ መሳት ሊወስደው ይችል ነበር። ያዳነችው ነርሷ ናት። ሐኪሙ ስህተቱን አላወቀም፤ ዛሬም ሳያውቅ ይኖር ይሆናል። በሌላ አገርም እንደዚሁ እያለ ይቀጥላል።

እዚህ ላይ የባሕር ማዶውን በር ማየት ያስፈልጋል። ጎንደር ወይም ጥቁር አንበሳ ተምሮ የተመረቀ ኢትዮጵያዊ ሐኪም አሜሪካ ልሥራ ሲል ስቴፕ ዋንና ስቴፕ ቱ ለተባሉ ፈተናዎች ይቀመጣል። በእንግሊዝኛ ከሕመምተኛ ጋር መነጋገር መቻሉን ለይቶ የሚመዝን የቋንቋ ፈተና ይወስዳል። ከዚያም በአብዛኛው፣ አገሩ ላይ ስፔሻሊስት ሆኖ የሠራ ቢሆን እንኳ፣ ቢያንስ የሦስት ዓመት ሬዚደንሲ እንደገና ይገባል። እንግሊዝ ውስጥ ፕላብ የሚባል ፈተና አለ፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የፈቃድ ፈተናና የዶክመንት ማጣራት አለ። በዚህ ቅር አልሰኝም፤ ሕዝባቸውን መጠበቃቸው ነው። ታዲያ ከዚያ ወደዚህ የሚመጣው ለምን በዲግሪውና በአገሩ ላይሰንስ ብቻ ይገባል? እኛም ጋ በወረቀት ጊዜያዊ የሙያ ፈቃድ አለ። የሚያየው ግን ሐኪሙ በአገሩ ሐኪም መሆኑን ነው፤ እዚህ ለመሥራት መዘጋጀቱን አይደለም። የሚኒያፖሊስ ሕመምተኛ ሐኪሙን የመረዳት መብት ካለው የደብረ ታቦር ሕመምተኛ የሌለው ለምንድን ነው? ድሃ ስለሆነ ካልተባለ በቀር መልስ የለም። የተማሪዎቹ ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። በአገራቸው በተቆጣጣሪ ፊት ካልሆነ መርፌ የማይነኩ የሕክምና ተማሪዎች እዚህ ሲመጡ የማዋለጃ ክፍል ተከፍቶላቸው «ሞክሩ» ይባላሉ። የእኛ ተማሪ ያለ ተቆጣጣሪ ያን ቢያደርግ ከትምህርቱ ይባረር ነበር።

«በአደጋ ጊዜስ? ያኔም ፈተና ልትፈትን ነው?» የሚሉኝ አሉ። አዎ። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም፤ ዓለም ከሄይቲ የተማረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ ምድር በተንቀጠቀጠባት ሄይቲ ቡድኖች ከየአገሩ ጎረፉ። ከመካከላቸው ብርቱ ሥራ የሠሩ ነበሩ። ሌሎች ደግሞ ማን እንደሆኑ ያልተመዘገቡ፣ ለአደጋ ሥራ ያልሠለጠኑ፣ የሰው እግር ቆርጠው መዝገብ እንኳ ሳይተዉ የሄዱ ነበሩ። ለተቆረጠው ሰው ፋሻ የሚቀይርለት፣ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራለት፣ ምን እንደተደረገለት የሚያውቅ አልተገኘም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ለአደጋ ጊዜ የውጭ የሕክምና ቡድኖች ዝቅተኛ መስፈርትና ምደባ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ቡድኑ ይመዝገብ፣ ባለሙያዎቹ ፈቃድ ይኑራቸው፣ የታካሚውን መዝገብ ያስረክቡ፣ በተቀባዩ መንግሥት ቅንጅት ሥር ይሥሩ ይላል። ሕንፃ በተደረመሰበት፣ ሰው በፍርስራሽ ሥር በሚጮኽበት ሰዓት መስፈርት ይኑር ከተባለ፣ በጸጥታ ዘመን ለታቀደ የሁለት ሳምንት ጉዞ መስፈርት የማይኖርበት ምክንያት ምንድን ነው?

መስፈርት መጣሉ ጥሩዎቹን ያሸሻል የሚለውን ሥጋት ከሁሉ በላይ በጥንቃቄ ነው የማየው፤ እውነት ቢሆን ኖሮ ክርክሬን ያፈርሰው ነበርና። ግን እውነታው የተገላቢጦሽ ነው። በክርክር ላይ ሁልጊዜ የሚነሳብኝ የዶክተር ካትሪን ሃምሊን ስም ነው። እሳቸውና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ሲገቡ ሁለቱም ሙሉ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ነበሩ። የመጡት አገሩ ባወጣው ጥያቄ፣ በሦስት ዓመት ውል፣ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል አዋላጆችን ለማሠልጠን ነው። የፌስቱላን ሕክምና እዚሁ፣ ሕመምተኞቹ ሲያለቅሱ እየሰሙ፣ ቀደም ሲል በሠሩበት ሰዎች ጽሑፍ እየታገዙ ተማሩ። የፌስቱላ ሆስፒታሉን የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1974፣ የአዋላጆች ኮሌጁን በ2007 ነው። ዶክተር ካትሪን በ2020 እስኪያርፉ እዚሁ ነበሩ። ይህ ታሪክ ለእኔ ይመሰክራል። ተጠርተው መጡ፣ ሙያቸውን ይዘው መጡ፣ ለማስተማር መጡ፣ ሥራው በእግሩ እስኪቆም ድረስ ቆዩ። የሁለት ሳምንቱን ጎብኚ በእሳቸው ስም መሸፈን ለእሳቸው ክብር አይደለም።

የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲን ነገር ደግሞ እንይ። እ.ኤ.አ. ከ2003 በፊት የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት ሊሆን የፈለገ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። የሄደው ብዙ ጊዜ አይመለስም ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የራሱን የሬዚደንሲ ፕሮግራም ሲከፍት ከቶሮንቶ የሚመጡት ሐኪሞች የተጠየቁት እንዲያስተምሩ ነበር። በየተራ ለአንድ ወር ያህል ይመጣሉ፤ ከእኛ መምህራን ጋር ያስተምራሉ፤ ፈተና ይፈትናሉ፤ ይሄዳሉ። ሕመምተኛውን የሚያክመው በአማርኛና በኦሮምኛ የሚያነጋግረው የእኛው ሬዚደንት ነው። ሲመረቅም በአማኑኤል ሆስፒታልና በየክልሉ ይመደባል። ከባድ ሁኔታ ተጣለባቸው፤ ሸሹ ወይ? ይልቁንም ሽርክናው ወደ ሌሎች የሕክምና ዘርፎች ሰፋ።

መዘጋጃው ራሱ የት አለ ለሚል ደግሞ አለ እለዋለሁ። ሊቨርፑል እ.ኤ.አ. ከ1898፣ ለንደን ከ1899 ጀምሮ ትሮፒካል ሕክምና ያስተምራሉ። የሦስት ወሩ ዲፕሎማ ዛሬ በሞሺና በካምፓላ ጭምር፣ አፍሪካውያን መምህራንም ባሉበት፣ በአፍሪካ ሕመምተኞች አልጋ አጠገብ ይሰጣል። ኔዘርላንዶች ደግሞ ከሁሉ ርቀው ሄደዋል። ወደ ድሃ አገሮች ለሚሄዱ ሐኪሞች የሁለት ዓመት ከሩብ ያህል ሥልጠና አላቸው፤ የማዋለድና የቀዶ ሕክምና ወይም የሕፃናት ሕክምና ልምምድ፣ የሦስት ወር ኮርስና መሣሪያ በማይገኝበት አገር የስድስት ወር ቆይታ ያካትታል። አንድ አገር ለሌላው ድሃ ይህን ያህል ከተጨነቀ፣ እኛ ለራሳችን ወገን ከዚህ ያነሰ መጠየቃችን ያሳፍራል።

ስለ ራሳችን ልጆች ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ይህ የሚከብደኝ ክፍል ነው። ከአትላንታም፣ ከሚኒሶታም፣ ከስቶክሆልምም በየክረምቱ የሚመጡ የአገር ልጆች አሉ። ቋንቋውን ያውቃሉ፤ «እሺ» የምትለው እናት ከልቧ ይሁን ከአክብሮት ይገባቸዋል። ሆዳቸውም ይራራል። ከማንም በላይ ለዚህ ሥራ የሚበቁት እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን ከሃያ ዓመት በፊት የለቀቁት ዋርድ ዛሬ የለም፤ የወባው መድኃኒት ተቀይሯል፣ የቲቢው አሠራር ተቀይሯል፣ ጀርሞቹ አንቲባዮቲክ ተላምደዋል። በእነዚህ ዓመታት የሠሩት ደግሞ ሲቲ ስካን በደቂቃ በሚገኝበት ቦታ ነው። ሆዱ የተወጠረን ሰው በእጅ ዳብሶ ብቻ መወሰን የሚጠፋ ችሎታ ነው። የአገር ልጅ ነው ብሎ ያለ ጥያቄ ማስገባት ፍቅር ይመስላል፤ ለታካሚው ግን አደጋው ያው ነው። ዝግጅቱን እነሱ ቀድመው ቢጠይቁ ደግሞ ማንም እምቢ የሚል አይኖርም።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። በውጭ አገር ላይሰንስ ላይ ተጨማሪ የዝግጅት ማረጋገጫ ይጠየቅ፤ ሊሠራ ባሰበው ቦታ ያሉ በሽታዎችን፣ የአገሩን የሕክምና መመሪያና ያለ መሣሪያ መወሰንን የሚመዝን ይሁን። ፈተናውን የሚያወጡት እዚህ በዋርድ የሚያድሩ ሐኪሞችና ነርሶች ይሁኑ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ ሁሉ ከአገሩ ባለሙያ ሥር ለተወሰነ ጊዜ ይሥራ፤ ፕሮፌሰርም ቢሆን። ሥራው ሕመምተኛን በቀጥታ ማነጋገር የሚጠይቅ ከሆነ ቢያንስ መሠረታዊ ቋንቋውን ይዞ ይምጣ፤ አለዚያ የሠለጠነ አስተርጓሚ ደመወዝ ራሱ ይክፈል። ኦፕራሲዮን ያደረገ ቡድን እያንዳንዱን ታካሚ በስም ለሚረከበው የአገር ውስጥ ሐኪም አስረክቦ ይሂድ፤ ከስድስት ወር በኋላም ምን እንደሆኑ ሪፖርት ይቀበል። ተማሪ በአገሩ ያልተፈቀደለትን እዚህ አይንካ። አንዳንዱ ወጪ ይጠይቃል፤ ወጪውን የሚከፍለው ግን ሻንጣና ቲኬት መግዛት የቻለው ይሁን፤ በስኒ ጨው ልታጠጣ የነበረችው እናት አይደለችም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሚቀየረው እኛው ጋ ነው። በእንግዶቹ መምጣት የሚፈርመው የእኛ ሜዲካል ዳይሬክተር ነው። ዋርዱን የሚከፍተው፣ ተራ የያዙትን ለሚቀጥለው ሳምንት የሚላቸው የእኛ ሰው ነው። ለጎብኚ «አይሆንም» ማለት ነውር፣ መሣሪያ ያመጣን ሰው መጠየቅ ምስጋና ቢስነት ሆኖ ስለሚታየን እንፈርማለን። ያ ይብቃ። የሚቀጥለው የሕክምና ቡድን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ዳይሬክተሩ እነማን ናችሁ ከማለቱ በፊት ምን እንደተማራችሁ ንገሩኝ ይበል፤ ከሄዳችሁ በኋላ ሕመምተኛውን ማን እንደሚከታተል፣ ምን ትታችሁ እንደምትሄዱና ማንን እንደምታስተምሩ ይጠይቅ። መልስ ያላቸውን እጃቸውን ይዞ ያስገባቸው። መልስ የሌላቸውን ተዘጋጅታችሁ ተመለሱ ብሎ ይመልሳቸው፤ ደብዳቤው ላይ የማንም ታላቅ ዩኒቨርሲቲ ማኅተም ቢኖርበትም።